አባባ አሁን የት ነው? ሲኦልና ገሃነም አንድ ናቸው?

የገራ ልጅ (እሑድ ማታ 3:10)

ሰላም ለዚህ ቤት። እስካሁን አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርኩም። ዛሬ ግን ጭንቅ ያዘኝ።

አያቴ ከሦስት ሳምንት በፊት አረፈ። አባባ ነው የምንለው። መንዝ ገራ፣ አውድማ ላይ ገብስ እያበራየ ነበር። ውኃ ስጡኝ ብሎ ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። ቄስ መጥራቱ ይቅርና ሚስቱ እማማ ከጓዳ እስክትወጣ እንኳ አልቆየም።

አባባ ደግ ሰው ነበር። እንግዳ ሳያስተናግድ አይተኛም። አንድ ነገር ግን ነበረበት። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተው 17 ዓመት አልተነጋገሩም። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። የነፍስ አባቱ «ታረቅና ቁረብ» እንዳሉት ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ።

በሠልስቱ ዕለት ለቅሶ ሊደርስ የመጣ አንድ ዘመድ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ቂም ይዞ የሞተ ሰው ቦታው ገሃነም ነው፤ መጽሐፉ ነው ያለው» አለ። ስሙን አልጠራም። እማማ ሰማችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አታውቅም።

እኔ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ማታ ማታ ስደውልላት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል። አባባህ አሁን የት ነው? እሳት ውስጥ ነው ያለው?»

ምን ልበላት? ሲኦልና ገሃነም አንድ ይሁኑ ሁለት እኔ ራሴ ለይቼ አላውቅም። ኦርቶዶክስም ሁኑ፣ ወንጌላዊም ሁኑ፣ ካቶሊክም ሁኑ፣ የምታውቁትን ንገሩኝ። እንዳትሰዳደቡ ብቻ አደራ። አርባው ሊደርስ 19 ቀን ቀርቶታል።

ወለተ ሚካኤል (እሑድ ማታ 3:32)

ነፍስ ይማር ወንድሜ። እማማን እግዚአብሔር ያጽናልን። ሰው እንዴት በለቅሶ ቤት እንዲህ ይናገራል? እያነበብኩ እንባዬ መጣ። መልሱን ለሚያውቁት ልተው፤ ግን አብሬ እከታተላለሁ።

ዲያቆን ዘሸንኮራ (እሑድ ማታ 4:05)

ወንድሜ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ደውልና ይህን ንገራት፦ አባባ ገሃነም ውስጥ አይደለም። እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ሰው ገሃነም አልገባም።

እኛ ተዋሕዶዎች የምንማረው እንዲህ ነው። ከሞት በኋላ ነፍስ ከሁለት ቦታ ወደ አንዱ ትሄዳለች፤ ወደ ገነት ወይም ወደ ሲኦል። ሁለቱም የመቆያ ስፍራ ናቸው። ጌታ ዳግመኛ ሲመጣ ሙታን ይነሣሉ፤ ፍርድ ይሰጣል። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት የሚባሉት ከዚያ በኋላ ናቸው። ሲኦል ሌላ፣ ገሃነም ሌላ። በራእይ 20፥14 «ሞትና ሲኦልም በእሳት ባሕር ውስጥ ተጣሉ» ይላል። አንድ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዴት ይጣላል?

ሲኦል ደግሞ በሩ አንድ ጊዜ ተሰብሯል። አዳም ከነልጆቹ 5500 ዘመን በዚያ ቆየ። ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን ሲሰጥ በአካለ ነፍስ ወደ ሲኦል ወርዶ አወጣቸው። በትንሣኤ «አሠሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም» የምንለው ምን ማለት ሆኖ ነው? ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው። በየዓመቱ የምንዘምረው ይህንን ነው።

ፍትሐት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት የምናደርገውም ለዚህ ነው። ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ በሩ ተዘግቶ ቢሆን ለሞተ ሰው መጸለይ ምን ይረባል? የመጨረሻው ፍርድ ገና ስለሆነ ነው የምንጸልየው።

የገራ ልጅ (እሑድ ማታ 4:20)

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ደወልኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እንግዲያው ሲኦል ነው ያለው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ጣርማበር (ሰኞ ጠዋት 1:40)

የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ደብረ ሲና ነው ያደግሁት። በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ያ ዘመድ የተናገረው ነውር ነው። በሰው ነፍስ ላይ የመፍረድ ሥልጣን ማን ሰጠው? የሰውን የመጨረሻ ትንፋሽ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ዕድሜውን ሙሉ ወንበዴ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ ገነት ገባ። አባባ ውኃ ስጡኝ ብሎ ቁጭ ሲል በልቡ ምን እንዳለ ከእኛ ማን ሰማ?

ግን ወንድሜ፣ እውነቱን ጠይቀሃልና የማምነውን ደብቄ ላጽናናህ አልፈልግም። ዕብራውያን 9፥27 «ለሰዎችም አንድ ጊዜ መሞት ከዚያም በኋላ ፍርድ ተመደበባቸው» ይላል። በሉቃስ 16 ባለጠጋው ሞተ፤ ወዲያው በሲኦል በሥቃይ ነበር። አብርሃም «በእኛና በእናንተ መካከል ታላቅ ገደል ተደርጎአል» አለው። እኔ ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ባየሁ ቁጥር ይህ ቃል ትዝ ይለኛል። ጉሙ ሲገለጥ ታች ያለው ቤት ይታይሃል። የሰው ድምፅ የሚሰማህ ይመስልሃል። መሻገር ግን አትችልም።

ስለዚህ እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም። ለሞተው ሰው ግድ ስለሌለን እንዳይመስልህ። ከሞት በኋላ የሚቀየር ነገር እንዳለ በመጽሐፍ ስላላገኘን ነው።

ዲያቆን ዘሸንኮራ (ሰኞ ጠዋት 2:15)

ጣርማበር ወንድሜ፣ በትሕትና ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥18 ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ» ይለምናል። ስለ ቤተሰዎቹ ለብቻ፣ ስለ እርሱ ለብቻ ነው የሚናገረው። ሰውዬው ያኔ ሞቶ ነበር የሚሉ መምህራን አሉ።

ጣርማበር (ሰኞ ጠዋት 2:31)

ሞቶ ነበር ብሎ ጥቅሱ አይናገርም። ግን ልመናው ምሕረት መሆኑ አከራካሪ አይደለም። ያንን እቀበላለሁ።

አንኮበሬው (ሰኞ ማታ 2:50)

ስለ ቃላቱ እኔ ልናገር። ዕብራይስጥና ግሪክ ተምሬአለሁ። ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

በብሉይ ኪዳን በዕብራይስጡ «ሸኦል» የሚባል ቃል አለ። 65 ጊዜ ይገኛል። ግእዙ ሲኦል ያለው እርሱን ነው። የሙታን ስፍራ ማለት ነው፤ ጻድቅም ኃጥእም የሚወርድበት። ያዕቆብ ዮሴፍ የሞተ ሲመስለው «እያዘንሁ ወደ ልጄ እወርዳለሁ» አለ። በዕብራይስጡ የሚወርድበት ቦታ ሸኦል ነው። ያዕቆብ እሳት ውስጥ እገባለሁ ማለቱ ነው? ልጄ ወዳለበት እሄዳለሁ ነው ያለው። ወንድሜ፣ እማማ «ሲኦል ነው ያለው?» ስትል እንቅልፍ የሚነሳት በዚህ ቃል ላይ የተደረበው እሳት ነው። ያዕቆብ ላይ ግን አልነበረም።

የሐዲስ ኪዳኑ ግሪክ ሦስት ቃላት አሉት። አንዱ «ሐዴስ» ነው፤ የሸኦል አቻ። የባለጠጋው ታሪክ ላይ ያለው ይህ ነው። ሁለተኛው ከ«ታርታሮስ» የወጣ ግስ ነው። 2ኛ ጴጥሮስ 2፥4 ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ የተነገረውም ስለ በደሉ መላእክት ነው። ሦስተኛው ገሃነም ነው። 12 ጊዜ ተጽፏል። 11ዱ ከጌታ አፍ የወጣ ነው፤ አንዱ በያዕቆብ መልእክት ውስጥ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በመልእክቶቹ አንድ ጊዜም አልጠቀሰውም።

ገሃነም የቦታ ስም ነው። «የሄኖም ሸለቆ» ማለት ነው። ከጥንቷ ኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ዛሬም አለ፤ ሰው በእግሩ ይሄድበታል። የጀማን ሸለቆ ለለመደ ለእኛ አገር ሰው ሸለቆ ለመባልም ታንሳለች። ስሟን ያከፋው እዚያ የተሠራው ሥራ ነው። ንጉሡ አካዝ ልጆቹን በእሳት ሠዋባት። ምናሴም እንዲሁ አደረገ። ኢዮስያስ መጥቶ ቦታውን አረከሰው፤ ከእንግዲህ ማንም ወንድና ሴት ልጁን እዚያ በእሳት እንዳያሳልፍ። ኤርምያስ በምዕራፍ 7 የእርድ ሸለቆ ትባላለች ብሎ ተነበየባት።

ብዙ ሰባክያን ይህ ሸለቆ የኢየሩሳሌም ቆሻሻ መጣያ ነበር፣ እሳቱ ቀንና ሌሊት ይነድ ነበር ይላሉ። እኔም ለዓመታት እንዲያ ብዬ አስተምሬአለሁ። በኋላ ምንጩን ስፈልግ ይህን ጽፎ የምናገኘው የመጀመሪያው ሰው አይሁዳዊው ሊቅ ዳዊት ቂምሒ ሆኖ አገኘሁት። የኖረው በ1200 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከጌታ ዘመን ያለ ማስረጃ አላገኘሁም። ስለዚህ ጌታ ገሃነም ሲል በሰሚዎቹ ጆሮ የሚያቃጭለው የተቃጠሉት ሕፃናት ጩኸትና የኤርምያስ ቃል ነው። ለእኔ ከቆሻሻው ይልቅ ይህ ያስፈራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሸኦልን፣ ሐዴስንና ገሃነምን በብዙ ቦታ በአንድ ቃል ነው የተረጎማቸው። በዚያ ቋንቋ የሚያነቡ ሰዎች ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። የእኛ ሐዲስ ኪዳን ሲኦልና ገሃነምን ለይቶ ይዞልናል። በአፋችን የቀላቀልናቸው እኛው ነን።

ወለተ ሚካኤል (ሰኞ ማታ 3:05)

አንኮበሬው፣ ተባረክ። 40 ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ይህን አልሰማሁም። መጽሐፈ ሄኖክስ? ስለ ሙታን ቦታ ይናገራል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንኮበሬው (ሰኞ ማታ 3:24)

ይናገራል እህቴ፤ ያውም ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። ምዕራፍ 22ን ተመልከቺ። ሄኖክ የሙታን መናፍስት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩባቸውን ጥልቅ ስፍራዎች ያያል። ተለያይተው ነው የሚቆዩት። ለጻድቃን የብርሃን ውኃ ምንጭ ያለበት ቦታ አለ። የአቤል መንፈስ ወንድሙን ቃየንን ሲከስስ የሚሰማውም እዚያ ነው። ከዚያ በምዕራፍ 27 የተረገመችውን ሸለቆ ያያል፤ ለፍርድ የተዘጋጀችውን። መቆያው ሌላ፣ ሸለቆዋ ሌላ። ዲያቆን ከላይ ያስቀመጠው መለያየት እዚህም አለ።

ሮቢት ሜዳ (ማክሰኞ ጠዋት 1:15)

እኔ የአድቬንቲስት አማኝ ነኝ። እዚህ ቤት ሁልጊዜ አንስማማም፤ ግን የእማማ ጥያቄ ስላላስተኛኝ እጽፋለሁ።

እኛ ሙታን ተኝተዋል ብለን ነው የምናምነው። መክብብ 9፥5 «ሙታን ግን አንዳች አያውቁም» ይላል። መዝሙር 6፥5 «በሲኦልም የሚያመሰግንህ ማን ነው?» ይላል። ጌታ ስለ አልዓዛር «ወዳጃችን ተኝቶአል» አለ። አራት ቀን መቃብር ውስጥ ቆይቶ የተነሣ ሰው ስላየው እሳትም ሆነ ገነት አንዲት ቃል አልተናገረም። ስለዚህ እማማን እንዲህ በላት፦ አባባ አሁን አይቃጠልም፣ አይጮኽም። ተኝቷል። የሚቀጥለው የሚሰማው ድምፅ የጌታ ድምፅ ነው።

ከፍርድ በኋላስ? እሳት አለ። ግን እሳቱ ያጠፋል እንጂ ለዘላለም እያሠቃየ አያኖርም። ማቴዎስ 10፥28 «ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም ሊያጠፋ የሚቻለውን ፍሩ» ነው የሚለው። ሚልክያስ 4 ኃጢአተኞችን በገለባ ይመስላል። የገብስ አገር ሰዎች ናችሁ፤ አውድማ ላይ እሳት የነካው ገለባ ምን ያህል ይቆያል? ይሁዳ በመልእክቱ ሰዶም በዘላለም እሳት ተቀጣች ይላል። ዛሬ ሰዶም ትነድዳለች? አትነድድም። እሳቱ ዘላለማዊ የተባለው የሠራው ሥራ ስለማይመለስ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አሳብ አይደለም። ጆን ስቶት የሚባለው የአንግሊካን ሰባኪ በፈረንጆች 1988 ወደዚህ አሳብ እንደሚያዘነብል ጽፏል። ብዙ ወንጌላውያን ደነገጡ። እርሱም ቢሆን የመጨረሻ ቃሌ ነው አላለም፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ተደግፈን በግልጽ እንወያይበት ነው ያለው።

ጣርማበር (ማክሰኞ ጠዋት 2:00)

ሮቢት፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል። ስቶት ለእኔም አባት ነው፤ በዚህ ግን አልተከተልኩትም። ማቴዎስ 25፥46ን ምን ታደርገዋለህ? «እነዚያም ወደ ዘላለም ቅጣት፥ ጻድቃን ግን ወደ ዘላለም ሕይወት ይሄዳሉ።» አንድ ቃል ነው፣ ሁለት ጊዜ። አውግስጢኖስ ድሮ እንዳለው ቅጣቱ የሚያልቅ ከሆነ ሕይወቱም ያልቃል። ራእይ 14፥11ም «የሥቃያቸውም ጢስ ለዘላለም እስከ ዘላለም ይወጣል» ይላል።

ይህን የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም። አባቴ ሳያምን ነው የሞተው። ይህን ጥቅስ ሳነብ የማየው እርሱን ነው።

ሮቢት ሜዳ (ማክሰኞ ጠዋት 2:12)

ይቅርታ ወንድሜ። አላወቅሁም። በጥቅሱ ላይ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

አንኮበሬው (ማክሰኞ ማታ 2:20)

ጣርማበር፣ ስለ አባትህ እግዚአብሔር ያጽናህ።

ስለ ቃሉ አጭር ነገር ብቻ ልበል። «ዘላለም» ከግእዙ «ዘለዓለም» ነው። ዓለም ስንል ይህችን ምድር እናስባለን፤ ግን ዘመን ማለትም ነው፤ «ለዓለመ ዓለም» እንደምንለው። ግሪኩ «አዮኒዮስ» የሚለውም ዘመን ከሚለው ቃል ነው የወጣው። ከዚህ ተነሥተው «የሚመጣው ዘመን ቅጣት» ማለት ነው፣ ርዝመቱን አይናገርም የሚሉ አሉ። ሮቢት እንዳለው ደግሞ ቅጣቱ አንዴ ተፈጽሞ ውጤቱ ለዘላለም ይጸናል የሚሉ አሉ። የአውግስጢኖስ መልስ ግን እስከ ዛሬ ከባድ ነው። እኔ ቃሉ ብቻውን ነገሩን ይቆርጠዋል ብዬ አላምንም። ቋንቋ የተማርኩትን ያህል ይህን ነው የምናገረው።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ (ረቡዕ ጠዋት 12:40)

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ሳነብ አደርኩ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ጽሕፈቱን የልጅ ልጄ ናት የምታግዘኝ።

ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ማር ይስሐቅ ነው። የሶርያው አባት። በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው ይላል። እግዚአብሔር ኃጥአንን መውደድ ይተዋል ብላችሁ አታስቡ፤ ፍቅሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ያንን ፍቅር የበደለ ሰው ግን የልቡ ጸጸት ከየትኛውም ሥቃይ ይብስበታል ይላል። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ወጣት ነበርኩ፤ አልገባኝም። ልጅ ወልጄ፣ ልጄን አስቀይሜ፣ እርሱ በፍቅር ዓይን ሲያየኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከጥንት አባቶች ደግሞ እሳቱ እንደ ወርቅ አንጣሪ እሳት ነው፣ በመጨረሻ ሁሉም ይነጻል ያሉ ነበሩ። ኦሪጀን እንዲህ አስተማረ። በሃይማኖተ አበው የምናነበው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ጽፏል። ጳውሎስ «ሁሉ በአዳም እንደሚሞቱ እንዲሁ ሁሉ በክርስቶስ ደግሞ ሕያዋን ይሆናሉና» ያለውን ይጠቅሳሉ። ኦሪጀን በኋላ ተወግዟል። በ553 በቁስጥንጥንያ የተወገዘበት ጉባኤ እኛ ከምንቀበላቸው ሦስት ጉባኤያት አይደለም። ግን የእስክንድርያው ቴዎፍሎስ ከዚያ 150 ዓመት ቀድሞ አውግዞታል። ስለዚህ የእኛ መንገድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ገሃነም መጨረሻ የለውም ብላ ታስተምራለች። እኔም ይህን ተምሬ ይህን አስተምሬአለሁ። ሁሉም እንዲድን መመኘትና መጸለይ ግን ማን ከልክሎ? ማስተማር ሌላ፣ ማልቀስ ሌላ።

የእኛኑ የቡልጋዋን ክርስቶስ ሠምራን አስቧት። ነሐሴ 24 ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጋር በአንድ ቀን የምናከብራትን። ፈጣሪን ምን ለመነችው? «ዲያብሎስን ማርልኝ» አለችው። ጠቡ እንዲቀር፣ የአዳም ልጆችም በእርሱ ምክንያት እንዳይጠፉ ብላ። ጌታም አልተቆጣትም። ሂጂና ጠይቂው፣ እሺ ካለ አላት። ወደ ሲኦል ወረደች። ዲያብሎስ ግን ይቅርታውን አልፈለገም፤ እርሷኑ ጎትቶ ሊያስቀራት ነበር። ቅዱስ ሚካኤል አወጣት፤ ብዙ ነፍሳትም ይዛ ወጣች።

እኔ ከዚህ ገድል የያዝኩት አንድ ነገር ነው። እምቢታው ከማን ወገን እንደነበር። የፈጣሪ ደጅ ክፍት ነበር። እምቢ ያለው የሚለመንለት ነው።

ጣርማበር (ረቡዕ ጠዋት 1:30)

አባቴ፣ እኔ ገድል እንደ መጽሐፍ ቅዱስ አልቀበልም፤ ይህን ያውቃሉ። ግን እምቢታው ከማን ወገን እንደሆነ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ባለጠጋውም እኮ ገደሉ ማዶ ሆኖ አልዓዛርን እንደ አሽከር «ላክልኝ» ነው ያለው። ይቅርታ አልጠየቀም። ይህን እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

ወለተ ሚካኤል (ረቡዕ ማታ 3:15)

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ግን አንኮበሬው ገሃነም 12 ጊዜ ነው ያለው ሲል የትና የት እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። ሁለት ቀን ተረኛ ሆኜ በየመሐሉ ሳነብ ነበር።

ያዕቆብ ላይ ያለው ስለ ምላስ ነው። ምላስ እሳት ነው፣ በገሃነም ይቃጠላል ይላል። ድንኳን ውስጥ የተነገረውን ቃል አሰብኩ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ፈለግሁ። ማቴዎስ 5፥22 ነው። ስለ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በወንድሙ ላይ ስለሚቆጣ፣ ወንድሙን ስለሚሰድብ ሰው። ወዲያው ቀጥሎ «በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ይላል። ጌታ ገሃነም የሚለውን ቃል ያነሣው በሞተ ሰው ላይ ለመፍረድ አልነበረም። ገና በሕይወት ላሉ፣ ገና መታረቅ ለሚችሉ ነው የነገራቸው።

የገራ ልጅ፣ ልጠይቅህ። የአባባ ወንድም አለ?

የገራ ልጅ (ረቡዕ ማታ 3:50)

አለ። ቤቱ ከእኛ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ለቀብሩ መጥቶ ነበር፤ ከቅጽሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆሞ አየሁት። አፈር ሲመለስ ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር። ለቅሶው ቤት ግን አልመጣም። ሰዉም እዚያ ሊመጣ አይገባውም ሲል ነበር። እኔም አልኩ። አሁን ሳስበው ከበደኝ።

ዲያቆን ዘሸንኮራ (ረቡዕ ማታ 4:02)

ወንድሜ፣ አርባው ሳይደርስ ሂድ። ተዝካሩን ቄሶቹ ያደርሱታል። ይህንን ግን ከቤቱ ሰው በቀር ማንም ሊያደርግለት አይችልም። እማማ ስለ እርሱ ሆና ይቅርታ ትጠይቅ፤ ያ ሰውዬም የሚላት ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

ጣርማበር (ረቡዕ ማታ 4:10)

እኔ ለሞተ ሰው ባልጸልይም ለእማማና ለእርሱ ዛሬ ማታ እጸልያለሁ። ከደብረ ብርሃን ስትነሣ ንገረን።

የገራ ልጅ (እሑድ ማታ 2:30)

ከመንዝ ነው የምጽፍላችሁ። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል።

ዓርብ ማታ ገባሁ። እሳት ዳር ተቀምጠን የጻፋችሁትን በሙሉ አነበብኩላት። የአድቬንቲስቱን ልጅ፣ የጣርማበሩን፣ የቆሎ ተማሪ የነበሩትን አባት፣ ሁሉንም። ያዕቆብ «ወደ ልጄ እወርዳለሁ» ያለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። ድገምልኝ አለች። ደገምኩላት። ስለ ክርስቶስ ሠምራ ያለውንማ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ እኔን አስቁማ እርሷ ጨረሰችው። «ለሰይጣን የለመነች እናት አለችን፤ እኔ ለባሌ መለመን አቃተኝ?» አለች። አለቀሰች፤ ግን እንደ ሌላው ቀን አይደለም።

ከዚያ የወለተ ሚካኤልን አነበብኩላት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «አባባህ ያልጨረሰው ሥራ አለ» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ያን ሌሊት ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት እኔን ላከችኝ። ሰውዬው ደጅ ቁጭ ብሎ ጅራፍ ይገምድ ነበር። እማማ ትፈልግሃለች አልኩት። ምንም አልጠየቀኝም። ጅራፉን አስቀመጠ፤ በርኖሱን አንሥቶ ተከተለኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ያ የተጣሉበት ድንበር ጋ ስንደርስ ቆመ። ትንሽ አፈር ዘገነ፤ መልሶ በተነው። ቀጠልን።

በራችን ላይ ሲደርስ ግን እግሩ እምቢ አለው። 17 ዓመት ያልረገጠው ደጅ ነው። ቆቡን አውልቆ ቆመ። «እኔ ነበርኩ መቅደም ያለብኝ፤ ታናሹ እኔ ነበርኩ» አለ። ይህን ያለው ለእኔ ይሁን ለአባባ አላወቅሁም።

እማማ ከውስጥ ድምፁን ሰማች። በትሯን ይዛ ወጣች። ብዙ ትናገራለች ብዬ ነበር።

«ግባ እንጂ፤ ብርድ ነው» አለችው።

ገባ።